ጭስን ለማጽዳት ጭስን ማሞቅ፦ የናፍጣ ሞተር ቀዝቃዛ ደቂቃዎች

በአዳዲስ ከባድ የጭነት መኪኖች ላይ፣ ከሞተሩ እስከ ጭስ ማውጫው ጫፍ ባለው መስመር፣ አንድ አዲስ ዕቃ ብቅ እያለ ነው፤ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ወይም ትንሽ የናፍጣ ማቃጠያ። ሥራው ሞተሩን ማሞቅ አይደለም፣ ከሞተሩ የወጣውን ጭስ ማሞቅ ነው። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ከሞተር የሚወጣ ጭስ በራሱ ትኩስ አይደለም ወይ? ብክለትን ለመቀነስ ተጨማሪ ነዳጅ ማቃጠልስ ምን ዓይነት ስሌት ነው?

ጥያቄውን አጣዳፊ ያደረጉት ሁለት ደንቦች ናቸው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 ያወጣው ደንብ፣ ከ2027 ሞዴል ጀምሮ ከባድ ሞተሮች የሚለቁትን ናይትሮጅን ኦክሳይድ የተባለ በካይ ጋዝ በአንድ የፈረስ ጉልበት ሰዓት ከ0.20 ግራም ወደ 0.035 ግራም ያወርዳል። ኤጀንሲው በ2025 ደንቡን ዳግም እንደሚያየው ቢያስታውቅም፣ አምራቾች የተዘጋጁት ይህን ቁጥር ይዘው ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያጸደቀው ዩሮ 7 ደግሞ ለአዳዲስ የከባድ ተሽከርካሪ ዓይነቶች ከሜይ 2028 ጀምሮ ይሠራል። በእሱ የዚሁ ጋዝ ጣሪያ በኪሎዋት ሰዓት 200 ሚሊ ግራም ነው፤ በዩሮ 6 በተለዋዋጭ ጭነት ፈተና 460 ነበር።

ከቁጥሮቹ በላይ ክብደት ያለው ግን ልኬቱ የሚወሰድበት ሰዓት ነው። የአሜሪካው ደንብ መነሻው ካሊፎርኒያ የሆነ የዝቅተኛ ጭነት ፈተናን ጨምሯል። በዚህ ፈተና ሞተሩ ለአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይሳባል፣ ይቆማል፣ ትንሽ ይነዳል፣ እንደገና ይቆማል፤ ልክ በተጨናነቀ ከተማ ውስጥ እንደሚውል መኪና። ደንቡ ጭሱ ወደሚቀዘቅዝባቸው ደቂቃዎች ገብቷል ማለት ነው። ማሞቂያው የመጣው ከዚህ ነው።

የናፍጣ ጭስ ለምን ይቀዘቅዛል?

የናፍጣ ሞተር አየር አይቆጥብም። የቤንዚን ሞተር ነዳጁ ሲቀንስ አየሩንም አብሮ ይቀንሳል። የናፍጣ ሞተር ግን ሲሊንደሩን በአየር ሞልቶ፣ ጉልበቱን በሚረጨው ናፍጣ መጠን ብቻ ይወስናል። በሚኒሞ ሲሠራ፣ ማለትም ሞተሩ ተነስቶ መኪናው ቆሞ ሳለ፣ የሚረጨው ናፍጣ ጥቂት ጠብታ ነው፤ የሚገባው አየር ግን ብዙ ነው። ጥቂቱ ሙቀት በብዙ አየር ላይ ይበተናል። ከዚያም ቱርቦው (በጭሱ ግፊት እየዞረ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ዕቃ) ከጭሱ ጉልበት ሲወስድ ሙቀቱን ይበልጥ ያወርደዋል። ስለዚህ ዳገት በጭነት በሚወጣ መኪና ላይ ከ350 እስከ 450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርሰው ጭስ፣ በሚኒሞ ከ100 እስከ 150 ዲግሪ ብቻ ሊሆን ይችላል። የናፍጣ ሞተር ነዳጅ ቆጣቢ መሆኑም ነገሩን ያብሰዋል፤ ወደ ጉልበት የተለወጠ ሙቀት ወደ ጭስ ማውጫ አይመጣምና።

ትርፍ አየሩ ሌላም መዘዝ አለው። በቤንዚን መኪኖች ላይ ከ40 ዓመት በላይ የሠራው ባለ ሦስት ተግባር ካታሊስት ናይትሮጅን ኦክሳይድን የሚሰብረው በጭሱ ውስጥ ትርፍ ኦክስጅን ከሌለ ነው። በናፍጣ ጭስ ውስጥ ኦክስጅን ሞልቷል። ስለዚህ ሌላ መንገድ አስፈለገ፤ አሞኒያን ከውጭ አምጥቶ ጭሱ ውስጥ መርጨት።

(ካታሊስት ስንል ራሱ ሳይቃጠልና ሳያልቅ ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ንጥረ ነገር ማለታችን ነው። በመኪና ላይ እንደ ማር እንጀራ በተበሳሳ ሴራሚክ ወይም ብረት ላይ በስሱ ይቀባል። ናይትሮጅን ኦክሳይድ ደግሞ በከፍተኛ የቃጠሎ ሙቀት የአየሩ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ተጣምረው የሚፈጥሩት ጋዝ ነው። ዓይን አያየውም፤ ጥቁር ጭስ ከማያወጣ መኪናም በብዛት ሊወጣ ይችላል።)

የማጣሪያው ሰንሰለትና የሙቀት ደጃፎቹ

የዘመኑ ከባድ መኪና ጭስ ቢያንስ አራት ቤቶችን አልፎ ነው የሚወጣው።

መጀመሪያ ኦክሳይድ የሚያደርገው ካታሊስት አለ። ፕላቲነምና ፓላዲየም የተቀባ ሲሆን፣ ያልተቃጠለ ነዳጅንና ካርቦን ሞኖክሳይድን ያቃጥላል፣ ከናይትሪክ ኦክሳይድም ከፊሉን ወደ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይለውጣል (ሁለቱም የናይትሮጅን ኦክሳይድ ዓይነቶች ናቸው)። ሥራ የሚጀምረው ከ200 እስከ 250 ዲግሪ ባለው መካከል ነው። ከዚህ በታች ያልተቃጠለው ነዳጅ እንደ ዘይት ግድግዳው ላይ ይለጠፋል።

ቀጥሎ የጥላሸት ማጣሪያው ይመጣል። እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ግንዛቤ መታረም አለበት። ማጣሪያው ጥላሸትን ለመያዝ ሙቀት አያስፈልገውም፤ ጭሱ በተቦረቦረ የሴራሚክ ግድግዳ ውስጥ ተገፍቶ ሲያልፍ ጥላሸቱ በቀዝቃዛውም ጊዜ ይያዛል። ሙቀት የሚያስፈልገው የተያዘውን ለማቃጠል ነው። ከ250 እስከ 400 ዲግሪ ባለው ሙቀት ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ጥላሸቱን በዝግታ ይበላዋል። ይህ ካልሆነና ማጣሪያው ከሞላ፣ ሞተሩ ትርፍ ናፍጣ ልኮ ሙቀቱን ወደ 550 እስከ 650 ዲግሪ በማድረስ ያቃጥለዋል።

ሦስተኛው፣ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ የሆነው፣ በአሞኒያ የሚሠራው ካታሊስት ነው፤ በሙያው ኤስሲአር ይሉታል። አሞኒያው በቀጥታ አይጫንም፤ አደገኛ ጋዝ ነው። በምትኩ 32.5 በመቶ ዩሪያ፣ ቀሪው የተጣራ ውሃ የሆነ ፈሳሽ በተለየ ጋን ይያዛል። ገበያ ላይ አድብሉ በሚለው ስም ይታወቃል። ፈሳሹ ከናፍጣ ጋር አይቀላቀልም፣ ነዳጅም አይደለም። በትኩስ ጭስ ላይ ሲረጭ ውሃው ይተናል፣ ዩሪያውም ተሰብሮ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያው በካታሊስቱ ላይ ናይትሮጅን ኦክሳይድን አግኝቶ ሁለቱም ወደ ተራ ናይትሮጅንና ውሃ ይለወጣሉ። አንድ ግራም ናይትሮጅን ኦክሳይድ ለመስበር ሁለት ግራም ያህል ፈሳሽ ይበቃል። ከ250 እስከ 400 ዲግሪ ባለው ክልል ጤናማ ሥርዓት ከመቶው ከ95 በላይ ያጸዳል።

የመጨረሻው ቤት ያመለጠ አሞኒያን የሚያቃጥል ትንሽ ካታሊስት ነው።

አሁን ደጃፉ ላይ እንቁም። ጭሱ ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ካልደረሰ የሞተሩ ኮምፒዩተር ዩሪያውን ጨርሶ አይረጭም፤ አለመርጨቱም ትክክል ነው። በቀዝቃዛ ቧንቧ ላይ የተረጨ ዩሪያ ግማሹ ብቻ ተሰብሮ ቀሪው ባዩሬትና ሳያኑሪክ አሲድ ወደሚባሉ ጠጣር ነገሮች ይለወጣል። መካኒኮች ይህን ነጭ ድንጋይ መሰል ክምችት በደንብ ያውቁታል፤ መርጫውን ይደፍናል፣ ቧንቧውን ያጠባል፣ አንዳንዱም ከ350 ዲግሪ በላይ ካልተሞቀ አይለቅም። እንግዲህ ጭሱ ቀዝቃዛ በሆነባቸው ደቂቃዎች ሁሉ ከሞተሩ የወጣው ናይትሮጅን ኦክሳይድ፣ ካታሊስቱ አስቀድሞ ባጠራቀመው ጥቂት አሞኒያ ከሚሰበረው በስተቀር፣ እንዳለ ወደ ውጭ ይሄዳል።

ጣሪያው 0.20 ግራም በነበረ ጊዜ ይህ ክፍተት በቀሪው ሰዓት ንጽሕና ይካካስ ነበር። 0.035 ላይ ግን መካካሻ የለም፤ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀዝቃዛ ደቂቃዎች ብቻ የቀኑን ድርሻ ሊጨርሱት ይችላሉ።

ሦስት የተለያዩ «ማሞቂያዎች»

በሕዝብ ንግግር አንድ የሆኑ፣ ግን ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሦስት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው የዩሪያ ጋን ማሞቂያ ነው። ፈሳሹ ከዜሮ በታች በ11 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በጋኑ ውስጥ የሞተር ውሃ የሚዞርበት ጠመዝማዛ ቱቦ፣ በመስመሮቹም ላይ ስስ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይደረጋል። ይህ አሮጌ ዕቃ ነው፤ በረዶ ያቀልጣል እንጂ ጭሱን አያሞቅም። በሞቃት አገር ጨርሶ መሥራት አያስፈልገውም።

ሁለተኛው የመርጫ ማሞቂያ ነው። ዩሪያውን ጭሱ ላይ ከመድረሱ በፊት በኤሌክትሪክ በማሞቅ፣ ከመርጫው ሲወጣ በቶሎ እንዲተን ያደርጋል። ጭሱ ራሱ ቢቀዘቅዝም መርጨት የሚቻልበትን ደጃፍ ወደ 150 ዲግሪ አካባቢ ሊያወርደው ይችላል። የሚጠይቀው ኃይል ጥቂት ነው፤ የሚሞቀው ፈሳሹ ብቻ ነውና። ነገር ግን አሞኒያው ቢገኝም ካታሊስቱ ራሱ ከቀዘቀዘ ምላሹ ቀርፋፋ ነው፤ ሁሉን አይፈታም።

ሦስተኛው ጭሱንና ካታሊስቱን የሚያሞቀው ነው። አዲሱ ክርክር በእሱ ላይ ነው።

ሂሳቡ፦ ስንት ኪሎዋት?

ማሞቂያ ሲነሳ መጠኑ ካልተነገረ ንግግሩ ሁሉ ባዶ ነው። ስለዚህ እንቁጠር።

ባለ 13 ሊትር ሞተር በደቂቃ 600 ዙር በሚኒሞ ሲሠራ፣ በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ሲሊንደሮቹን በአየር ይሞላል። ይህ በሰዓት ወደ 250 ኪሎ ግራም ጭስ ይሆናል። አንድ ኪሎ ግራም ጭስ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ አንድ ኪሎ ጁል ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ ይህን ጭስ ከ120 ወደ 220 ዲግሪ ለማድረስ 7 ኪሎዋት ገደማ ያለማቋረጥ መስጠት ያስፈልጋል። ይህንኑ 7 ኪሎዋት መኪናው በሙሉ ጭነት ሲነዳ፣ ጭሱ በሰዓት 1500 ኪሎ ግራም በሆነ ጊዜ ብንሰጠው፣ የሚጨምረው 17 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ማሞቂያ የሚጠቅመው ጭሱ ጥቂት በሆነበት ሰዓት ነው። ደግነቱ ጭሱ የሚቀዘቅዘውም ያን ጊዜ ነው።

የካታሊስቱ ክብደት ሌላው ሂሳብ ነው። 20 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሴራሚክና ቆርቆሮ ከ20 ወደ 220 ዲግሪ ለማድረስ 4 ሜጋ ጁል ያህል ይፈልጋል። በ7 ኪሎዋት ይህ ከ9 ደቂቃ በላይ ይወስዳል፣ በ20 ኪሎዋት ከ3 ደቂቃ ትንሽ ይበልጣል፤ ያውም በግድግዳ የሚጠፋውን ሙቀት ሳንቆጥር። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። ማሞቂያው ከትልቁ ካታሊስት ፊት ሳይሆን ለሞተሩ ቅርብ ከሆነ ትንሽ ካታሊስት ፊት ቢቀመጥ ጥቅሙ ይበዛል፤ 5 ኪሎ ግራም ማሞቅና 20 ኪሎ ግራም ማሞቅ አንድ አይደለምና። ብዙ አዳዲስ ንድፎች ዩሪያን በሁለት ቦታ የሚረጩት፣ አንድ ትንሽ ካታሊስት ከሞተሩ አጠገብ፣ ሌላ ትልቅ ከታች ያደረጉት ለዚህ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ነው። 7 ኪሎዋት በ12 ቮልት ወደ 580 አምፔር፣ በ24 ቮልት ወደ 290፣ በ48 ቮልት ወደ 146 አምፔር ይሆናል። የ48 ቮልት ዲናሞ ከማሞቂያው ጋር ተጣምሮ የሚመጣው ኬብሉ የክንድ ያህል እንዳይወፍር ነው።

ሙቀቱ ከየት ይምጣ?

ሦስት ምንጮች አሉ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት በማስታወቂያ ከሚነገረው የሰፋ ነው።

ርካሹ ሞተሩን ራሱን መጠቀም ነው። አየር ማስገቢያውን ወይም የጭሱን መስመር በከፊል መዝጋት፣ ናፍጣውን አዘግይቶ መርጨት፣ የሚኒሞውን ዙር መጨመር። አዲስ ዕቃ አይጠይቁም ማለት ይቻላል፤ ነዳጅ ግን ይበላሉ። አዘግይቶ የተረጨ ናፍጣ ከፊሉ በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ከሞተር ዘይት ጋር ይቀላቀላል፣ ዘይቱንም ያቀጥናል። ከዚህ ወገን ብልሁ ዘዴ በዝቅተኛ ጭነት የተወሰኑ ሲሊንደሮችን ቫልቭ ዘግቶ ማሳረፍ ነው። ከስድስቱ ሦስቱ ሲያርፉ የሚገባው አየር በግማሽ ያህል ይቀንሳል፣ የቀሩት ሦስቱ ጠንክረው ይሠራሉ፣ ጭሱ ይሞቃል፤ ነዳጅ ሳይጨምር እንዲያውም ሊቀንስ ይችላል። ከላይ በሠራነው ሂሳብ መሠረት ጭሱ በግማሽ ሲቀንስ የማሞቂያውም ድርሻ በግማሽ ይቀንሳል። ጉዳቱ የቫልቭ አሠራሩን ማወሳሰቡና ንዝረት ማምጣቱ ነው።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው፤ የተጠቀለለ ስስ የብረት ፎይል፣ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት የሚግል፣ ጭሱም በመካከሉ የሚያልፍ። ጥሩ ጎኑ ትእዛዙን በቅጽበት መቀበሉ፣ ራሱ ብክለት አለመፍጠሩና ሞተሩ ከመነሳቱ በፊትም መጀመር መቻሉ ነው። ሞተሩ ሳይነሳ ግን ሙቀቱን ወደ ካታሊስቱ የሚወስድ ነፋስ የለም፤ ትንሽ አየር የሚነፋ ፓምፕ ከሌለ ፎይሉ ብቻውን ይግላል። ደካማ ጎኑ የኃይሉ ጉዞ ነው። ናፍጣ በሞተር 40 በመቶ፣ ሞተሩ በዲናሞ 80 በመቶ ውጤታማ ነው ብንል፣ ከ3 ኪሎዋት በላይ ነዳጅ ወጥቶ 1 ኪሎዋት ሙቀት ይገኛል። ከላይ ያልነው 4 ሜጋ ጁል በዚህ መንገድ 0.35 ሊትር ያህል ናፍጣ ይጠይቃል። በፍትሐዊነት ለመናገር፣ ዲናሞው ሞተሩን ሲከብደው ሞተሩም ትንሽ ይሞቃል፣ ከኪሳራው ጥቂቱ በጭሱ መንገድ ይመለሳል። መኪናው ፍሬን ሲይዝ ዲናሞው ኃይል የሚሰበስብ ከሆነ ደግሞ ስሌቱ ይሻላል።

ሦስተኛው ማቃጠያው ነው። የራሱ አየር ፓምፕ፣ የራሱ ናፍጣ መርጫና ማቀጣጠያ ያለው ትንሽ ምድጃ፤ ነበልባሉ በቀጥታ ጭሱ ውስጥ ይገባል። 20 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ መስጠት አይከብደውም፣ ሙቀቱም ሳይጓዝ ስለሚደርስ ያው 4 ሜጋ ጁል በ0.11 ሊትር ናፍጣ ይገኛል። ከነዳጅ አንጻር ከኤሌክትሪኩ ይሻላል። ነገር ግን ራሱ የሚቃጠል ነገር ነው። ነበልባሉ ካልተስተካከለ ጥላሸት፣ ካርቦን ሞኖክሳይድና ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይጨምራል፤ ተጨማሪ ተንቀሳቃሽ ዕቃም ተጨማሪ ብልሽት ነው።

በእኛ ግምገማ ከሦስቱም የሚቀድም አራተኛ ነገር አለ፤ ያለውን ሙቀት አለማባከን። ከቱርቦው እስከ ካታሊስቱ ያለው ቧንቧ ረጅምና ራቁቱን ከሆነ፣ 7 ኪሎዋት ከመጨመር በፊት ቧንቧውን ማሳጠርና በሙቀት መከላከያ መሸፈን ይገባል። ይህ ለገዢ የሚያጓጓ ዜና ስላልሆነ ብዙም አይወራም። ሽፋኑ የተገነጠለ አሮጌ መኪና ጋራዥ ሲገባ «ጌጥ ነው» ተብሎ እንዲሁ መለቀቁም ከዚሁ ግንዛቤ ማነስ የመጣ ነው።

ምን ይበላሻል? ለምን?

የፎይል ማሞቂያ ጠላቱ የሙቀት መለዋወጥና ንዝረት ነው። ፎይሉ በአንድ ቀን ደጋግሞ ይግላል፣ ይቀዘቅዛል፤ ሲግል ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይሸበሸባል። በመጨረሻ በመደገፊያው ፒን ዙሪያ ይሰነጠቃል። ሁለተኛው የተለመደ ብልሽት በመግቢያ ተርሚናሉ ላይ ነው። መቶና ከዚያ በላይ አምፔር የሚያልፍበት ብሎን ትንሽ ከላላ ወይም ከዛገ፣ መጋጠሚያው ራሱ ማሞቂያ ይሆናል፤ ኬብሉ ይቀልጣል። መካኒኩ መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት ማሞቂያውን ሳይሆን ብሎኑን ነው፤ በሥራ ላይ እያለ በተርሚናሉ ሁለት ወገን ያለውን የቮልቴጅ መውደቅ መለካት ከማፍታታት ይቀድማል። ጥላሸትና እርጥበት በኢንሱሌተሩ (ኤሌክትሪክ በማያስተላልፈው መለያ) ላይ ሲጋገርም ኤሌክትሪኩ ወደ ቦዲው ያፈሳል።

የከፋው ብልሽት ግን ከማሞቂያው ውጭ ነው። መኪና ለረጅም ሰዓት በሚኒሞ ሲቆም ያልተቃጠለ ነዳጅ በመጀመሪያው ካታሊስት ላይ ይለጠፋል ብለናል። በዚህ ሁኔታ ማሞቂያው በሙሉ ኃይል ቢነሳ፣ የተለጠፈው ነዳጅ ባንድ ጊዜ ይቀጣጠላል፣ ሙቀቱ ከታሰበው በላይ ይዘላል፣ ሴራሚኩም ሊሰነጠቅ ይችላል። ጥሩ የቁጥጥር ፕሮግራም የሚኒሞውን ሰዓት ይቆጥራል፣ ሙቀቱንም በደረጃ ያነሳል።

አሞኒያም ተመሳሳይ ወጥመድ አለው። ቀዝቃዛ ካታሊስት ብዙ አሞኒያ ይይዛል፣ ትኩስ ካታሊስት ጥቂት ብቻ። ካታሊስቱ ሞልቶ ሳለ በፍጥነት ከተሞቀ፣ የያዘውን አሞኒያ ይተፋል፤ በጭስ ማውጫው ጫፍ የሚከረፋው ሽታ ከዚህ ሊመጣ ይችላል። ዩሮ 7 ለአሞኒያ በኪሎዋት ሰዓት 60 ሚሊ ግራም ጣሪያ አስቀምጧል፤ ስለዚህ ሙቀቱንና የዩሪያውን መጠን አንድ ላይ ያላቀደ ሥርዓት ከአንዱ ሸሽቶ በሌላው ይወድቃል።

ሌላው ዕውር ቦታ ሴንሰሩ ነው። የናይትሮጅን ኦክሳይድ ሴንሰር በውስጡ በከፍተኛ ሙቀት የሚግል ሴራሚክ አለው፤ በቧንቧው ውስጥ የውሃ ጠብታ ካለ ስለሚሰነጠቅ፣ ቧንቧው እስኪደርቅ ድረስ ኮምፒዩተሩ አያነሳውም። ስለዚህ በጣም ቆሻሻ በሆኑት ደቂቃዎች መለኪያው ጠፍቶ ነው የሚቆየው። ሴንሰሩ ሲነቃም አሞኒያን ከናይትሮጅን ኦክሳይድ መለየት አይሆንለትም፤ አሞኒያ ሲያመልጥ «ብክለት ጨመረ» ብሎ ያነባል፣ ኮምፒዩተሩም ዩሪያ ከጨመረ ችግሩ ይባባሳል። ብዙ ጊዜ ካታሊስት ተቀይሮ ያልጠፋ የስህተት ኮድ መነሻው ይህ ነው።

የማቃጠያው ብልሽቶች የምድጃ ብልሽቶች ናቸው፦ መርጫው በከሰል መደፈን፣ ማቀጣጠያው መቃጠል፣ የአየር ፓምፑ መድከም። ነበልባሉ ሳይቀጣጠል ናፍጣ ከተረጨ፣ ናፍጣው ወደ ካታሊስቱ ይሄድና ከላይ ያልነውን የመሰለ ድንገተኛ ቃጠሎ ያዘጋጃል።

የሚጋጩት አስተያየቶች

ሙቀት መጨመርን የሚደግፉ ወገኖች ክርክራቸው ስለ ቦታ ነው። ጭሱ የሚቀዘቅዘው የከተማ አውቶቡስ፣ የቆሻሻ መኪና፣ የወደብ መኪናና የዕቃ አከፋፋይ በሚውሉበት፣ ሰው በሚተነፍስበት ቦታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ለናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የሚመክረውን ዓመታዊ መጠን በሜትር ኩብ ከ40 ወደ 10 ማይክሮ ግራም ማውረዱን ይጠቅሳሉ። በአውራ ጎዳና ላይ 98 በመቶ የሚያጸዳ መኪና ሰፈር ውስጥ ሲገባ ማጽዳቱን ካቆመ፣ አማካዩ ቁጥር ማንን ይጠቅማል ይላሉ። ይህ ክርክር ጠንካራ ነው።

ተቃዋሚዎች ሦስት ነገር ያነሳሉ። የመጀመሪያው ነዳጅ ነው፤ ሙቀት ሲጨመር ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይጨምራል። ከላይ ያለው ሂሳብ እንደሚያሳየው ግን ለአንድ ቀዝቃዛ ማስነሻ የሚወጣው የሊትር ክፍልፋይ ነው፤ ትልቁ ወጪ የሚመጣው መኪናው ለሰዓታት በሚኒሞ ቆሞ ማሞቂያው እንዲሠራ ሲደረግ ነው። የዚያ መፍትሔው ሞተሩን ማጥፋት ነው። ሁለተኛው ናይትረስ ኦክሳይድ ነው። ይህ ጋዝ ከናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋር በስም ቢቀራረብም ሌላ ነው፤ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 273 እጥፍ ያሞቃል። ዩሪያ ከ200 ዲግሪ በታች ሲረጭ በካታሊስቱ ላይ አሞኒየም ናይትሬት ሊጠራቀም፣ ሲሞቅም ወደዚህ ጋዝ ሊለወጥ ይችላል። ይህ ተቃውሞ ከሦስቱ በጣም የሚመዝነው ይመስለናል። ዩሪያውን በቀዝቃዛ ጊዜ ለመርጨት ብቻ ደጃፉን የሚያወርድ፣ ካታሊስቱን ግን የማያሞቅ መፍትሔ ለዚህ ይጋለጣል።

ሦስተኛው ዋጋ ነው። አዲስ መኪና ሲወደድ ባለንብረቱ አሮጌውን ይዞ ይቆያል፣ ወይም ደንቡ ከመግባቱ በፊት ተሽቀዳድሞ ይገዛል። በአሜሪካ ከ2007ቱ ደንብ በፊት ይህ በግልጽ ታይቷል። ስጋቱ እውነት ነው፤ ሆኖም ደንቡን የማዘግየት ምክንያት ከመሆን ይልቅ አሮጌ መኪኖችን የማስወገጃ መንገድ አብሮ እንዲታሰብ የሚያስገድድ ነው። ከዚህ ሁሉ ወጥተው «የከተማው ሥራ ለባትሪ መኪና ይተው» የሚሉም አሉ። ለአጭር መስመር አውቶቡስ ሐሳቡ ሚዛን ይደፋል። ዛሬ የሚሸጥ የናፍጣ መኪና ግን ለረጅም ዓመታት መንገድ ላይ ይቆያል፤ የአሜሪካው ደንብ ራሱ ለትልልቆቹ ሞተሮች እስከ 650 ሺህ ማይል የንጽሕና ግዴታ ጥሏል።

ሙቀት የሐቀኝነት ጥያቄም ሆኖ ያውቃል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በጁላይ 2022፣ የውጭ አየር ከ15 እስከ 33 ዲግሪ ካልሆነ በቀር የጭስ ማጽዳቱን ሥራ የሚቀንስ የመንገደኞች መኪና ፕሮግራም የተከለከለ ማታለያ ነው ብሎ ወስኗል። ማሞቂያ ያለው መኪና «ቀዝቃዛ ስለነበረ ነው» የሚለውን ምክንያት ያሳጣል፤ ማሞቂያው መቼ እንደሚነሳና እንደሚጠፋ የሚወስነው ግን አሁንም ፕሮግራሙ ነው። ቁጥጥሩ መመልከት ያለበትም እዚያ ነው።

ማሞቂያ የማያድነው ነገር

በሰልፈር የበዛ ናፍጣ የሚሠራ መኪና ላይ ይህ ሁሉ ድካም ትርጉም ያጣል። የአውሮፓ ናፍጣ በአንድ ሚሊዮን ክፍል 10፣ የአሜሪካው 15 ክፍል ሰልፈር ነው የሚፈቀድለት፤ ካታሊስቶቹም የተነደፉት ለዚህ ነው። ሰልፈር ሲበዛ በአሞኒያ በሚሠራው የመዳብ ዜዮላይት ካታሊስት ላይ ተጣብቆ፣ ሥራ የሚጀምርበትን ሙቀት ወደ ላይ ይገፋዋል። ማለትም ማሞቂያው 220 ዲግሪ ቢያደርሰውም ካታሊስቱ አሁን 280 ይጠይቃል። ከ500 ዲግሪ በላይ በማሞቅ ሰልፈሩን ማስለቀቅ ይቻላል፤ ነገር ግን በቀጣዩ የነዳጅ ጋን ተመልሶ ይመጣል።

ማሞቂያው ዐመድንም አያጠፋም። ዐመድ ከሞተር ዘይት የሚመጣ የብረት ጨው ነው፤ አይቃጠልም። ማጣሪያው ወጥቶ በአየር ግፊት ካልጸዳ የጭሱ ግፊት ወደ ኋላ ይጨምራል፣ ሞተሩ ይደክማል፤ ነጂውም ጥፋቱን በማሞቂያው ላይ ያሳብባል።

ለመኪኖች ስምሪት ኃላፊና ለባለንብረት የሚጠቅመው መለኪያ አንድ ነው፦ ከካታሊስቱ በፊትና በኋላ ያለው ሙቀት በሥራ ቀን ውስጥ ስንት ደቂቃ ከ200 ዲግሪ በታች እንደሚሆን ከመኪናው ኮምፒዩተር ማንበብ። ከቀኑ አንድ አስረኛው ብቻ ከሆነ ማሞቂያው ሥራውን በጠዋት ጨርሶ ያርፋል። ግማሽ ቀን ከሆነ ግን ማሞቂያው ቀኑን ሙሉ ይሠራል፣ ፎይሉና ዲናሞውም ያንን ዋጋ ቶሎ ይከፍላሉ፤ ያ መኪና ከማሞቂያ በፊት የሥራ መስመር ለውጥ ወይም ሚኒሞውን የሚያጠፋ ሥርዓት ያስፈልገዋል።